የዳገቱ ውሃ

የሰውየው ኮት ከፒክአፑ ያረጀ ነው፤ ክራቫቱን ግን ጋራዥ ውስጥም አይፈታም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከማክሰኝት ወደ ጎንደር ሲወጣ ሞተሩ ዳገቱ ላይ ይፈላል፤ እሱም ጀሪካን አንጠልጥሎ ከአንዲት መበለት ደጃፍ ውሃ ይለምናል። «ዛሬም ፈላች?» እያለች በሳቅ የምትቀበለውን ሴት አንድም ቀን ደፍሮ ሌላ ነገር አላወራትም። ጀግናችን የልቡን ለሞተሩ ትቶለት ኖረ!

አሁን ልጆቹ ለራዲያተሩ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ አስገጠሙለት።

«አያ ሹፌር፣ ሞተሩ ሲሞቅ ማራገቢያው በራሱ ይነሳል፤ ከእንግዲህ ዳገቱን ሳይቆሙ ይወጡታል!» አለው መካኒኩ።

«ሸጋ ነው» አለ፤ ፊቱ ግን ለቅሶ የደረሰ ሰው ፊት ነበር። ያ ሳቅ ጆሮው ውስጥ አቃጨለ። ወደ መካኒኩ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንዲያው ልጄ፣ ከመሪው ሥር የማራገቢያውን ማጥፊያ አብጅልኝ።»