ኮምቦልቻ ላይ ልጅን ሰላም ማለት

«አባቴ አማን ነው፤ ጫካ ገብቷል» አለ ሰይድ ዛሬ ጠዋት ክፍል ውስጥ። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

ባልደረባዬ መምህር ይማም ክፉ አላሰበም። እዚህ ልጅ ሰላም የሚባለው የወላጆቹን ደህንነት በመጠየቅ ነው፤ «አባትህ አማን ናቸው?» ነበር ያለው።

ከሰዓት በኋላ ጣሊያኖቹ የሰይድን እናት ከገበያ ይዘው ወሰዷት።

ሰሞኑን የመምህራን ሥነ ምግባር ደንብ ስናረቅ፣ ተማሪ በአለንጋ ይገረፍ አይገረፍ በሚለው ብቻ ግማሽ ቀን ተከራክረናል። ሰላምታ ሰው ያስይዛል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ማምሻውን «ተማሪ ስለ ቤተሰቡ አይጠየቅ» የሚል ጨመርንበት። ገና ሳንበተን ሰይድ መጣና የይማምን እጅ ይዞ፣ «ጋሼ፣ እናቴ አማን ናት?» አለው።

በጎረቤት ከተሞች በሐርቡና በደጋን የምታስተምሩ መምህራን፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?