የናፍጣው ሙቀት

የበደለኝ የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም ነው። የበደለኝም ባሌ ባረፈ በሁለተኛው ዓመት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ሽማግሌ ሰብስቦ ነው። ስሙን አልጽፍም። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት፣ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ባሌ ሲሞት የቀረችኝ አንዲት ሚኒባስ ናት። የተገዛችው ከአባቴ በደረሱኝ ከብቶች ነው፤ ሊብሬዋም በእኔ ስም ነው። ከሐይቅ ውጫሌ ትመላለሳለች። የሚነዳት ስምንት ዓመት አብሮን የኖረ ሾፌር ነበር።

በዚያ ዓመት መኪናዋ ዳገት እምቢ አለች። ሜዳው ላይ ደህና ትሄዳለች። የአምባሰል ዳገት ሲጀምር ግን ጉልበቷ ይከዳታል፤ ነዳጁን እስከ ወለሉ ቢረግጡትም አትሰማም። ተሳፋሪው እየወረደ በእግሩ ይወጣል። አንድ ቀን እኔም ውስጧ ነበርኩ። ሁለት ዶሮ የያዘች ሴት እየወረደች፣ «እኛን ከምታሳፍር እኛ ብንሸከማት አይሻልም?» አለች። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ፣ «ዝም ብለሽ ውጪ፣ አሁን ግፉ ይሉናል» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

መኪናዋን ለባሌ ወንድም ሰጠሁት። ጋራዥ አለው፤ ሌላ ዘንድ ብወስዳት ዘመድ ይታዘበኛል ብዬ ነው። ሦስት ቀን አቆይቶ ጠራኝ።

«ፓምፑ አልቋል» አለኝ። «ሾፌርሽ ናፍጣውን እየሸጠ፣ በላምባ ሲሞላልሽ ነው የከረመው።»

አመንኩት። ሾፌሩን በዚያው ቀን አሰናበትኩት። «ወላሂ እትዬ፣ አላደረግኩትም» አለ እንጂ አልተከራከረኝም። ቁልፉን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ጁምዓ ዕለት ሽማግሌዎቹ ፊት የባሌ ወንድም እንዲህ ሲል ጀመረ፦ «እህቴ ናት፣ አዝንላታለሁ። ግን አያችሁት፣ ሾፌር ተጫወተባት። መኪና የሴት ሥራ አይደለም። በስሜ ታዙርልኝና እኔ ላሠራት። እሷን አልረሳም።»

«ልክ ነው» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «አንቺ ቤትሽ አርፈሽ ተቀመጪ። ምን ጎደለብሽ?»

የጎደለብኝን ልነግራቸው አልፈለግኩም። መኪናዋን ከሰጠሁ፣ ከዚያ በኋላ እህል ላስፈጭ ስል እንኳ የእሱን ፊት ማየት ነው። «እስከሚመጣው ጁምዓ ላስብበት» አልኩ።

«ምኑን ታስቢያለሽ?» አለኝ። «ፓምፕ በማሰብ አይድንም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ባሌ ቤት ስንት ጊዜ የበሉ ሰዎች ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሾፌሩ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ግቢ አላለችኝም። እሱ ወጣ። «ደሴ አድርሰኝ» አልኩት። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። «እትዬ፣ ሌባ ይዘው ሊሄዱ ነው?» አለ። ቁልፉን ዘረጋሁለት። ትንሽ አየኝና ጫማውን ሊያደርግ ገባ።

ደሴ ያገኘነው መካኒክ መነጽር ያደረገ፣ ንግግር የማይወድ ሽማግሌ ነው። ነገሩን ሰምቶ፣ «ፓምፕ ከመፍታቴ በፊት እዚሁ ትደር። ጠዋት ሳልመጣ ማንም እንዳያስነሳት» አለ። እኔ የእህቴ ልጅ ቤት አደርኩ።

በማግስቱ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቶ ኮምፒውተሩን ሰካ። «እትዬ፣ ይቺ መኪና ብርድ ላይ ነው ያደረችው» አለኝ። «አየሩም፣ ውሃውም፣ ናፍጣውም እኩል መቀዝቀዝ አለባቸው። እዩ፦ አየሩ አሥራ ሁለት ዲግሪ፣ ውሃው አሥራ ሁለት። ናፍጣው መቶ አሥር።» የናፍጣውን ቱቦ አስነካኝ። እጄ ቀዘቀዘ።

የናፍጣውን ሙቀት ለኮምፒውተሩ የሚነግር አንዲት ሴንሰር አለች። ናፍጣው ፈላ ብላ ከነገረችው፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማትረፍ ጉልበቱን ይቀንሳል። ሜዳ ላይ አያስታውቅም፤ ዳገት ላይ ያዋርዳል። መካኒኩ የሴንሰሯን ሶኬት ነቀለው። መቶ አሥሩ ወዲያው ወርዶ ከዜሮ በታች ገባ።

«ሽቦው ደህና ነው፤ ችግሩ ከሽቦው ቢሆን ቁጥሩ አይወርድም ነበር። የምትዋሸው ይቺ ናት» አለ። «ፓምፑም ምንም አልሆነም። በናፍጣው ውስጥም ላምባ የለም፣ አይቼዋለሁ።»

ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መካኒኩ ግን አልጨረሰም። ሽቦውን ወደ ብርሃን አወጣው። የፋብሪካው ሽፋን ተልጦ፣ በአዲስ ጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። «ከእኔ በፊት እዚች ላይ የለካ ሰው አለ። እዚህ ድረስ የደረሰ ሰው የምትዋሸው ሴንሰሯ መሆኗን አውቋል፤ ፓምፕ አልቋል አይልም።»

ከዚያ በፊት መኪናዋን ከባሌ ወንድም በቀር የነካ መካኒክ የለም። አዲስ ሴንሰር ተገጠመላት። ስንመለስ ሐይቅን አልፈን የአምባሰልን ዳገት ሞከርናት፤ ሳትንገራገጭ ወጣችው።

በሚቀጥለው ጁምዓ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። የባሌ ወንድም፣ «ሰው አይሳሳትም እንዴ?» አለ።

«ፕላስተሩን ማን ጠቀለለው?» አልኩት።



ቤትሽ ተቀመጪ ያሉኝ ሽማግሌ፣ «በአላህ ይዤሻለሁ፣ አፉ በይው፣ ይቅር በይው። የሟች ወንድም ነው» አሉኝ።

«ሾፌሬን ሌባ ሲል የት ነበሩ?» አልኳቸውና ወጣሁ።

ሾፌሩ ሥራው ላይ ተመለሰ። ሚስቱ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም፤ አልፈርድባትም። የባሌ ወንድም ባለፈው ክረምት ታሞ ሁለት ወር ተኛ። ሰፈሩ በሙሉ እየተመላለሰ ጠየቀው። እኔ አልሄድኩም።