አሥራ አንድ ላይ የተለቀቀው መገጣጠሚያ

ባለቤቴ ቧንቧ ሠራተኛ ናት። እኔ ሾፌሯ፣ መሣሪያ ተሸካሚዋና ደንበኛ ሲያስቸግር ተከራካሪዋ ነኝ። እሷ ቱቦ ከያዘች አታወራም። ሙያውን የተማረችው ከአባቷ ነው። አማቴ የፒቪሲ ቱቦ ባጣበቀ ቁጥር ተጭኖ ይዞ ጮክ ብሎ እስከ ሠላሳ ይቆጥር ነበር፤ ማስቲሹ ሳይዝ ከለቀቁት ቱቦው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከማጣበቁ በፊት ደግሞ ቱቦው እስከ የት መግባት እንዳለበት በምስማር ሁለት ጭረት ያደርግበታል። ጭረቱ ፊርማው ነበር ማለት ይቻላል። ባለቤቴም ማንም ሳይጠይቃት «የአባቴ መገጣጠሚያ አያፈስም» ትል ነበር።

አንድ ሐሙስ ሲስተር አስጠሩን። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ጓሯቸው ውስጥ ዓሣ የሚያረቡበት ኩሬ አላቸው። ኩሬው በየቀኑ አንድ ስንዝር ይጎድላል። ልጃቸው ሰልችቶታል።

«እሑድ አፈር ይመጣል፣ ይደፈናል» አለን። «እማዬ በዚህ ዕድሜዋ ባልዲ ስትሸከም ማየት አልፈልግም።»

ክፉ ሰው አይደለም፤ ቸኩሎ ነው። ሲስተር ዓሦቹን ብቻ ያያሉ። አንጀቴን በሉት።

ባለቤቴ ኩሬውን አንዴ ዞራ «አይደፈንም» አለች። የኩሬውን ውሃ የሚያዘዋውረውን ፓምፕ አጥፍታ አሳደረችው። ዓርብ ጠዋት ውሃው ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ የሚያፈሰው ኩሬው ሳይሆን ፓምፑ ውሃ የሚገፋበት ቱቦ ነው። ቆፈርን፤ ቆፈርኩ ማለቴ ነው። ዘጠኝ መገጣጠሚያ ወጣ። ፓምፑን አስነስታ ስምንቱን በደረቅ ጨርቅ እየጠረገች አየች፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ዘጠነኛው፣ ኩሬው ዳር ካለ ድንጋይ ሥር ቱቦው የሚታጠፍበት ጎሚቶ፣ ከመጀመሪያው ሥራ ሳይቀየር የቀረ ብቸኛው ነው። ሁለት ጭረት አለበት።

«ይሄማ የአባዬ ነው» ብላ አለፈችው፤ ስምንቱን እንደገና ከአንድ ጀመረች።

እኔ አማቴን እወደዋለሁ እንጂ አላመልከውም። እጄን ጎሚቶው ሥር ሰደድኩና ጭቃ ይዤ ወጣሁ።

«እዪው» አልኳት።

«ላብህ ይሆናል።»

«እንዲህ የሚያልበው ሰው እኮ ሆስፒታል ነው የሚተኛው።»

ሲስተር ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። ተንበርክካ አየችው። ጭረቶቹ ከጎሚቶው አፍ ጋር መግጠም ሲገባቸው አንድ ጣት ያህል ርቀው ቆመዋል። እስከ ዛሬ መቻሉም ይገርማል። ፊቷ ልውጥ አለ።

«ሳይቆጥር ለቆታል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አባዬ እንዲህ አይሠራም ነበር።»

«ቆጥሯል እንጂ» አሉ ሲስተር። «እዚህ ሆኖ እየቆጠረ ሳለ ከሆስፒታል ተደወለ፤ የኔን ቁጥር ሰጥቷቸው ነበር። ሚስትህ በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ልጅ ናት ስለው አሥራ አንድ ላይ ደርሶ ነበር። መጋዙንም ጫማውንም ጥሎ ነው የሮጠው።»

አማቴ የወለደው አንድ ልጅ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አፍንጫዋን በክንዷ ጠርጋ «መጋዝ ስጠኝ» አለችኝ።

ፓምፑን አጥፍተን ጎሚቶውን ከግራና ከቀኝ ቆርጣ አወጣችው። የቱቦውን ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች፣ ጠብታ እስከማይቀር አደረቀች፣ በምስማር ሁለት ሁለት ጭረት አደረገች። ማስቲሹን ቀብታ አዲሱን ጎሚቶ ትንሽ እያዞረች አስገባችና ተጭና ይዛ ጮክ ብላ ትቆጥር ጀመር። አሥራ አንድ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ሲስተርን አየቻቸውና ፈገግ አለች። እጇን ግን አላላላችም፤ ሠላሳን ጨረሰች።

አንድ ቀን ሙሉ እንዲደርቅ ትተን ቅዳሜ ማታ ውሃ ለቀቅንበት። እሑድ ጠዋት ውሃው ምልክት ካደረግንበት አልወረደም። የአፈሩ መኪና በር ላይ ቆሟል። ልጅየው ምልክቱን ጎንበስ ብሎ ሁለት ጊዜ አየ።

«አሁን አፈሩን ምን ላድርገው?»

«ጎመን ትከልበት» አሉት እናቱ፣ ለዓሦቹ ምግብ እየበተኑ።

አሮጌው ጎሚቶ ዛሬ እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ባለቤቴ «የአባቴ መገጣጠሚያ አያፈስም» ማለቷን ትታለች። ድሮም በአባቷ ትኮራ ነበር፣ አሁን ባሰባት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጎሚቶውን አንስታ ታሳያለች።

«አባቴ በሕይወቱ አንድ መገጣጠሚያ አፍስሶበታል» ትላለች። «እሱም እኔን ለማየት ሲሮጥ ነው።»