የእህቴ ድምፅና የእኔ ጣት

አርብ ከሰዓት፣ ከጁምዓና ከምሳ በኋላ ሀርጌሳ ስታሸልብ፣ እኔና አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ በረንዳ ላይ እንቀመጣለን። እኔ ጊታር እጫወታለሁ፣ እሷ ትዘፍናለች። ያደግነው ድሬዳዋ ነው፤ ሀርጌሳ መጥተን አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ከገባን ወዲህ ቀኑን በሶማልኛ ውለን ማታ ቤት ስንገባ ነው አማርኛችንን የምናወጣው። ዘፈኖቻችንም የዚያው የድሬ ናቸው። ጎረቤቶቻችን ቃሉ ባይገባቸውም ዝም ስንል ምነው ይላሉ።

እኔ የምችለው ከጊታሩ አንገት ጫፍ ያሉትን ቀላል ኮርዶች ብቻ ነበር። ዜማውን ወደ ቀጭን ድምፅ ከፍ ለማድረግ ወደ ጊታሩ ሆድ ሲጠጉ አመልካች ጣትን በስድስቱም ክሮች ላይ አጋድሞ መጫን ይመጣል። የእኔ ጣት እዚያ ሲደርስ ግማሹ ክር ይታፈናል፣ ግማሹ ይንጣጣል። ስለዚህ አልሄድም። እህቴም ምንም ብላኝ አታውቅም፤ በጀመርኩበት ትገባለች። ድምፅዋ ወፍራም ነው እያልኩ ለሰው ሳወራ ኖሬአለሁ፣ አዋቂ መስዬ።

አንድ ቀን ከምሠራበት ሐዋላ ቤት ቀደም ብዬ ስመለስ ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣች ስትዘፍን ሰማኋት። ያንኑ የአርብ ዘፈናችንን ነው፤ ግን በቀጭን ድምፅ፣ በጣም ከፍ አድርጋ፣ ምንም ሳትጨነቅ። ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስትወርድ ከእኔ ጋር ለምን እንዲህ እንደማትዘፍን ጠየቅኳት።

“እዚያ ላይ ስትወጣ ጣትህ ይቸገራል” አለችኝ ባዶውን ባልዲ እያቀበለችኝ። “እኔ ደግሞ መውረድ አያቅተኝም።”

አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስገባ የመኝታ ቤቴን በር ዘግቼ እለማመድ ጀመር። ክርኔን ወደ ጎኔ ሰብስቤ፣ ጣቴን ትንሽ ወደ አጥንታሙ ጎኑ አዘንብዬ፣ ክሮቹን አንድ በአንድ እየነካሁ አዳምጣለሁ። ሌሎቹ ቀስ በቀስ ጠሩ፤ አንዷ ቀጭን ክር ግን አሻፈረኝ አለች።

በዚህ መሃል እህቴ አንገቷ ላይ የቆየው እንቅርት እያደገ መጥቶ ለቀዶ ጥገና ተቀጠረች። ሐኪሙ ድምፅዋ ሊለወጥ እንደሚችል አስቀድሞ ነግሯት ኖሯል፤ እኔ ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ከቀጠሮዋ በፊት ባለው አርብ በሬን አንኳኩታ ገባች።

“ስትለማመድ እሰማሃለሁ እኮ” አለችኝ። “እስቲ ዛሬ እዚያ ላይ ሆነን እንዝፈን።”

“አንዷ ክር አልጠራችም። ስትድኚ፣ ኢንሻአላህ።”

“አትጥራ፤ ምን ትሆናለች?”

እምቢ አልኩ። አሳምሬ ላስደንቃት ነበር ሐሳቤ። አንዲት ክር ብትንጣጣ ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እሷ አልተከራከረችኝም፤ ለሆስፒታል የምትይዘውን ልብስ ልታሰናዳ ሄደች።

አልሐምዱሊላህ፣ ዳነች። ቁስሏ ከሻረ በኋላ አንድ አርብ በረንዳው ላይ ያንን ኮርድ ያዝኩት። ስድስቱም ክሮች ጥርት ብለው ወጡ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። እህቴ ገባች። ሲጀምር ያው የድሮ ድምፅዋ ነበር፤ ከፍታው ላይ ሲደርስ ግን ተቋረጠና ትንፋሽ ብቻ ቀረ። እንደገና ሞከረች። እኔ ጣቴን ከክሮቹ ላይ ማንሳት ፈርቼ ደግሜ ደጋግሜ ያንኑ ኮርድ መታሁ።

ሻርፗን ጠባሳው ላይ አስተካክላ ፈገግ አለችልኝ።

“ወንድሜ፣ ዝቅ አድርግልኝ” አለች።

ወደ ድሮው ቦታ ወረድኩላት።