ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቀበቶዬ

የፈውስ አገልጋያችን እህት አስናቀች የወገብ ቀበቶዬን ከላዬ ላይ የፈታችው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረው አርብ፣ በዚህ አዳራሽ፣ በእናንተ ፊት ነው። ፈትታም ለወንድሞች ሰጠችና ከመድረኩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በሚስማር አሰቀለችው። ዛሬም እዚያው አለ። ቀና ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ወገኖቼ፣ ስለዚያ ቀበቶ ልመስክር ብዬ ነው የቆምኩት። መጋቢያችን አጠር አድርጊው ብለውኛል፤ እሞክራለሁ። የእኔን ምስክርነት ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሲናገርልኝ ኖሯል። ዛሬ እኔው ልናገረው። ይህን ቀን ያሳየኝ ጌታ ስሙ ይባረክ።

ጌታን ሳላውቅ ማን እንደነበርኩ አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ። ወደዚህ የወደብ አገር የመጣሁት በባሌ የጭነት መኪና፣ ጋቢና ተቀምጬ ነው። ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየልኝና ጭነት ይዞ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ እሱም መኪናውም አልመጡም። ጫት ከሚሸጡት ሴቶች ጎን ሻይ አፈላሁ። ኋላ ሃያብለ ቤት ይዤ፣ ወደ ዶራሌ ወደብ በሚወስደው መንገድ ዳር ለሹፌሮች ምሳ መሥራት ጀመርኩ። ማንንም አላምንም ነበር። አንድ ቀን ከደንበኞቼ አንዱ፣ ዛሬ ከመዘምራኑ ጋር የሚቆመው ወንድማችን፣ "እትዬ ሙሉ፣ ወጥሽ ጥሩ ነው፤ ፊትሽ ግን ያቀዘቅዘዋል። አርብ ከእኔ ጋር ነይ" አለኝ። መጣሁ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለምን ታለቅሻለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እሱ ደስ አለኝ። ጌታን የተቀበልኩት በዚያ ሳምንት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።

ወገቤን የያዘኝ ከዓመታት በኋላ፣ የጋዝ ሲሊንደር ላነሳ ጎንበስ ስል ነው። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ከዳሌዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የጋለ ሽቦ የገባ መሰለኝ። መጀመሪያ ወደ ወጌሻ ወሰዱኝ። በቅቤ አሽቶኝ፣ በጉልበቱ ጀርባዬ ላይ ወጥቶ፣ "ዲስክሽን መልሼዋለሁ" አለኝ። የመለሰው የለም፤ በሁለት እግሬ ሄጄ ተደግፌ ወጣሁ። ጎረቤቴ ደግሞ በጋለ ብረት ካልተተኮስሽ አይለቅሽም ብላ የራሷን ጠባሳ ገልጣ አሳየችኝ። ከእሱ እንኳ ጌታ ጠበቀኝ።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ የተነሳሁትን የወገብ ፎቶ ሲያይ ቆየ። ኦፕራሲዮን ነው ወይ ብዬ እየፈራሁ ጠየቅሁት።

"አይደለም ማዳም" አለኝ። "እንዲህ ያለ ወገብ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቢላዋ ይረጋጋል። ግን ተኝተሽ አይደለም፤ እየተንቀሳቀስሽ ነው።"

ለጥቂት ጊዜ የሚወሰድ ማስታገሻ አዘዘልኝ። የእግሬ ሕመም አልበርድ ካለ መርፌ እንዳለ ነገረኝ። እግሬ ከከዳኝ ወይም ሽንቴን መቆጣጠር ካቃተኝ ግን ሳልውል ሳላድር እንድመጣ አስጠነቀቀኝ። ከዚያ እዚህ ኪኔ ወደሚሉት፣ እኛ ፊዚዮቴራፒ ወደምንለው ክፍል ላከኝ።

እዚያ ያገኘሁዋት ካድራ ትባላለች፤ ወጣት ሶማሌ ናት። እናቷ ከሐበሾች ጋር ስለምትነግድ አማርኛ ታውቃለች። ኤዶ ትለኛለች፤ በእነሱ ቋንቋ አክስቴ እንደማለት ነው። በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቶቼን ወደ ጎንና ወደ ጎን ማዘንበል፣ ዳሌዬን ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ፀሐይ ሳትበረታ በእግር መሄድ፣ ዕቃ ሳነሳ ወገቤን ሳይሆን ጉልበቴን ማጠፍ አስተማረችኝ። ወገብ የሚደግፈውን ያን ቀበቶ የሰጠችኝ ድስት ፊት ስቆምና መንገድ ስሄድ ብቻ እንዳስረው ነው። "ቀበቶው እንግዳ ነው፣ ኤዶ፤ ቤቱን እንዳትለቂለት" ትለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከድሬዳዋ ተደወለ። ታናሽ እህቴ ጽጌ ኩላሊቷ ደክሟል። እናታችን ስትሞት ጽጌ ገና አፏን ያልፈታች ነበረች፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። በስልክ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስላል። "እትዬ፣ ነይልኝ" አለችኝ። "ፀጉሬን እንዳንቺ የሚሠራኝ የለም።"

ለካድራ ነገርኳት። በባቡር መቀመጥ እችላለሁ ወይ አልኳት። አሁን አትችይም፣ ከሠራሽ ግን ከፋሲካ በኋላ ትችያለሽ፣ ቀበቶውን አስረሽ፣ በየመሀሉ እየተነሳሽ ትደርሻለሽ አለችኝ። ወገኖቼ፣ ከዚያ ወዲያ እንቅስቃሴውን የሠራሁት ለወገቤ አልነበረም። ጽጌ ጋ ለመድረስ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ የአርቡን ጉባኤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጬ መጨረስ ቻልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ልሄድ ተዘጋጀሁ።

ያን አርብ ወደ መድረኩ የወጣሁት ለራሴ አልነበረም። እህት አስናቀች ማይክ ይዛ ስለምን እንጸልይልሽ ስትለኝ፣ ስለ እህቴ ስለ ጽጌ አልኳት። እጇን ጀርባዬ ላይ ስታሳርፍ ቀበቶውን ነካች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"የወገቤ ነው" አልኳት።

ወደ እናንተ ዞረችና ጌታ አሁን ወገብ እየነካ ነው አለች። ጸለየች። ረጅም ጸሎት ነበር፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በልቤ ጽጌን እጠራ ነበር። ከዚያ ልማዳችንን ታውቁታላችሁ። የተጸለየለትን ሰው፣ ያልቻልከውን አሁን አድርግ እንለዋለን። ከዘራ የያዘውን እናስሮጣለን፤ ወገቡን የታመመውን እናስጎነብሳለን።

"ጎንበስ በይና እግርሽን ንኪ" አለችኝ።

ካድራ እንዲህ እንዳልጎነብስ ነግራኛለች ብዬ ቀስ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት። ማይኩን ከአፏ አርቃ፣ "ካድራ ማናት? ያዘዘሽ ጌታ ነው" አለችኝ።

ጎነበስኩ። አንዴ አይበቃም፣ ድገሚው ተባልኩ። ስደግመው እሳቱ እስከ እግር ጣቴ ወረደ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እልልታው ቀለጠ። በደስታ ያለቀስኩ መስሏችሁ ነው፤ እናንተን አልወቅስም። ከሩቅ ሲያዩት እንባ ሁሉ አንድ ነው። ቀበቶው ሚስማር ላይ ወጣ። ስለ ጽጌ የጸለየ ግን አልነበረም።

በማግሥቱ ከሰሌኔ መነሳት አልቻልኩም። እህት አስናቀች ልትጠይቀኝ መጣች፤ ሾርባም ይዛ መጣች። ሾርባው ጥሩ ነበር፤ ይህን አልክድባትም። ቀበቶዬን እንድታስመልስልኝ ለመንኳት። ለእግዚአብሔር ክብር የተሰቀለ ነገር እንዴት ይወርዳል አለችኝ። ካድራ ጋ ልሂድ ስላት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እትዬ ሙሉ፣ ፈውሱ መጥቶልሻል። ይሄ ሕመም የውሸት ነው። ወደዚያች ልጅ ከተመለስሽ ፈውስሽን በገዛ እጅሽ አሳልፈሽ ሰጠሽ ማለት ነው።"

አመንኳት። እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳላምን ኖሬ፣ ጌታን ካገኘሁ በኋላ ያመንኩት ሰው ይህን ነገረኝ። ወደ ካድራ አልሄድኩም። መሬት ላይ ተኝቼ ሕመሙ የውሸት መሆኑን ለራሴ እነግረዋለሁ። ሹፌሮች ደግሞ እየመጡ በሩ ላይ ቆመው፣ "እትዬ፣ ፈውስሽን በቪዲዮ አየነው እኮ፤ ታዲያ ምሳ መቼ ነው?" ይሉኛል። እህት አስናቀች የእኔን ታሪክ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ መስክራለች ተባለ። እኔ ግን ውኃ ለመጠጣት የምነሳው በአራት እግሬ ነበር።

ጽጌ በዚያ መሀል ሞተች።

ጎረቤቷ ደውላ መርዶውን ነገረችኝ። እንደማልመጣ ስታውቅ ቀብሩ ላይ ስልኩን ከፍታ ያዘችልኝ። መጀመሪያ ለቅሶ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ንፋስ። ከዚያ አፈሩ ሲመለስ ሰማሁ። አካፋው ድንጋይ ሲነካ ይታወቅ ነበር። ፀጉሯን ማን ሠራት ብዬ ጠየቅሁ። ተጋግዘን ሠራንላት አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ለቀናት አልጸለይኩም። በዚያ የሙቀት ወር፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቼ ጣራውን ሳይ እውል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን፣ ጌታ ሆይ፣ ምንም አልለምንህም፣ ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ ከነበርክ ብቻ ንገረኝ አልኩት። ድምፅ አልመጣም። ራእይም አላየሁም። ሌሎቻችሁ እዚህ ቆማችሁ የምትነግሩን ዓይነት ነገር አልሆነልኝም።

በሩ ተንኳኳ። ካድራ ናት። ለካ እኛው አካባቢ፣ ባልባላ ነው የምትኖረው፤ ከቀጠሮዬ ስቀር፣ ለሹፌሮች የምትቀቅለው ሐበሻ ቤት የት ነው እያለች ሃያብለን ስትጠይቅ ከርማለች። ስታየኝ ቆጣ ትላለች ብዬ ነበር። ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። እግሬን አስገፋችኝ፤ ጣቴን ነካካች፤ ስለ ሽንቴ ጠየቀችኝ። አደጋ እንደሌለ ስታውቅ ተነፈሰች። ቀበቶሽ የታለ ስትለኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሰቅሏል አልኳት። ግራ ገባት፤ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ስለ ጽጌ ነገርኳት። 

"ዛሬ አንድ ነገር ብቻ፣ ኤዶ" አለችኝ። "ጉልበትሽን ወደ እኔ አዘንብዪው።"

አዘነበልኩት። ጽጌ ከሞተች ወዲህ ጮክ ብዬ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። ካድራ እስላም ናት፤ የጌታን ስም አልጠራችልኝም። እኔ ግን የለመንኩት ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማን እንደላካትም አውቃለሁ። ጌታ በማን እጅ እንደሚመጣ እኔንም እህት አስናቀችንም አያማክርም። ክብር ለእሱ ይሁን።

ፈውሴ ዘገምተኛ ነው። ወራት ፈጀ። መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ ውኃ ቦቴው መቆሚያ፣ ኋላም እስከ አስፋልቱ ሄድኩ። የሚያመኝ ቀን አጠር አደርገዋለሁ እንጂ አልቀርም። ሲብስብኝ በሞቀ ጨርቅ እይዘዋለሁ። ዛሬ ጠዋትም አሞኛል። ግን ድስቴን አነሳለሁ፤ ጉልበቴን አጥፌ።

ባለፈው ጥር በባቡር ድሬዳዋ ሄድኩ። በየመሀሉ እየተነሳሁ መተላለፊያው ላይ ቆምኩ፤ ሰዎች አሮጊቷ መቀመጥ ጠላች ብለው ሳቁብኝ። መቃብሯን ጎረቤቷ አሳየችኝ። አረም በቅሎበታል። እግሬን ከፈት አድርጌ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ካድራ እንዳስተማረችኝ ዝቅ አልኩና አረሙን ነቀልኩ። እዚህ መድረክ ላይ ጎንበስ በይ ስትሉኝ ያልሆነልኝን እዚያ ጌታ ሰጠኝ። ያየኝ ማንም አልነበረም። እልል ያለም የለም።

ወገኖቼ፣ እህት አስናቀችን ይቅር ብለሻታል ወይ የምትሉኝ አላችሁ። እሱም እንደ ወገቤ ነው፤ በየቀኑ እሠራዋለሁ፤ ገና አልተፈታም። ስለ ሕይወቴ ግን ጌታን አመሰግነዋለሁ። የታመማችሁ፣ እሱን እመኑት። እያመናችሁም ሐኪም ጋ ሂዱ። ሐኪም ያሰረላችሁን ሳትድኑ ለማንም አታስፈቱ። ጌታ የታመመን ሰው አያስቸኩልም። እኔን ጠብቆኛል። ስሙ ለዘላለም የተመሰገነ ይሁን። አሜን።

ይህን የተናገርኩት ባለፈው አርብ ነው። ሰው ቀንሶ ወይም ጨምሮ እንዳያወራልኝ እንዳለ ጽፌዋለሁ። ስጨርስ አሜን ያለው ግማሹ ነው። እህት አስናቀች ከመድረኩ ሥር ጠበቀችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

"እንዴት በጉባኤ ፊት እትዬ ሙሉ? ቤቴ መጥተሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"የሰቀልሽው በጉባኤ ፊት ነው" አልኳት።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄጄ ቀበቶዬን አወረድኩ። አቧራውን አራግፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።