ሁለተኛ ድምፅ፦ ከሩዋንዳ ላምበረት ደርሶ መልስ

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባው ሩዋንዳ ሰፈር ተነሳሁ። መድረሻዬ ላምበረት፣ ጉዳዬም የአንዲት ተማሪዬን አባት መለመን ነው። ሩዋንዳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ኳየር አሠለጥናለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ የወላጆች በዓል አለብን። ከዋናው ዜማ ሥር የሚሄደውን ሁለተኛ ድምፅ ቀጥ አድርጋ የምትይዘው ቤዛዊት ግን ሳምንቱን ሙሉ ከልምምድ ቀረች። «ሚስ፣ አባቴ ከልክሎኛል» የሚል አጭር መልእክት ብቻ ላከችልኝ። አብረዋት የሚዘምሩት ሦስት ልጆች እሷ ከሌለች ወዲያው ዋናውን ዜማ ተከትለው ይነጉዳሉ። እሷን ካልመለስኩ መድረክ ላይ የሚወጣ ነገር የለኝም።

እስከ መገናኛ

ታክሲው ውስጥ ሆኜ የምናገረውን አጠናለሁ። ባልደረባዬ «አባትየው የመንዝ ሰው ናቸው፣ ኳየር ሲባል የጴንጤ ነገር ይመስላቸዋል» ብሎ አስጠንቅቆኛል። እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ፣ ያውም የሆሳዕና ልጅ። ስለ መቻቻል ረዘም ያለ ንግግር አዘጋጀሁ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያየችው፣ እንቁላል በጭኗ የታቀፈች፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ጠጋ አለችኝ።

«ፀሎት ነው?»

«ልምምድ ነው፤ ሰው ልለምን ነው የምሄደው።»

«እንግዲያ ፀሎትም ጨምሪበት» አለችና ሳቀች።

ቀለበት መንገዱ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆመ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ መገናኛ ስደርስ ንግግሬን ሦስት ጊዜ ቀይሬው ነበር።

ላምበረት

መናኸሪያው ዙሪያ «ደሴ! ደሴ! ኮምቦልቻ!» የሚለው ጥሪ ጆሮ ይበሳል። ድፍረት ቢሰጠኝ ብዬ አንዲት የምስር ሳምቡሳ ገዝቼ በቆምኩበት በላሁ። የቤዛዊትን አባት የአቶ ደምሴን ሱቅ ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ በሩ ላይ ሻንጣ፣ ገመድና ሸራ ተሰቅሏል። ቤዛዊት ከውስጥ ሆና ሻንጣ ትወለውላለች። ስታየኝ ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።

አቶ ደምሴ በርጩማ ስበው አስቀመጡኝ። ገና ንግግሬን ልጀምር ስል ቀደሙኝ።

«መምህርት፣ እርስዎ ጴንጤ ነዎት አሉ?»

«አዎ ነኝ። ዝማሬው ግን የቤተ ክርስቲያን አይደለም። ስለ ዝናብ ነው፤ ግጥሙንም የጻፉት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው።»

«ዝናብስ ለሁሉም ነው። እኔን የጨነቀኝ ዜማው ነው።» ወደ ልጃቸው ዞር ብለው አዩ። «ይቺ ልጅ ሰንበት ትምህርት ቤት ስትዘምር ድምጿ ማር ነበር። አሁን ቤት ውስጥ የምታንጎራጉረው ለቅሶ ነው፤ አንድ ቦታ ቆሞ ከመቃተት በቀር መሄጃ የለውም። ድምጿን አጣመማችሁብኝ። እስቲ እርስዎ ይበሉትና ልስማው።»

ያን ሁሉ ንግግሬን ውኃ በላው። ተነስቼ የቤዛዊትን ድምፅ ለብቻው አዜምኩት። ያቺ ዜማ በእርግጥም ከቦታዋ እምብዛም አትንቀሳቀስም። ገመድ ሊገዙ የገቡ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጨርሼ እስክቀመጥ ጠበቁኝ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

አቶ ደምሴ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ሽማግሌው አመለከቱኝ። ፊቴ ጋለ። አባትየው እውነታቸውን ነው። እያንዳንዱን ልጅ ከአራቱ ድምፆች አንዱን፣ የዝማሬውን ሩብ አስታቅፌ ወደ ቤቱ ስሰድ፣ ቤተሰቡ የሚሰማው ያንኑ ሩብ ብቻ መሆኑን አስቤው አላውቅም።

«ከሌሎቹ ጋር ሆኖ ነው የሚሰማው» አልኳቸው። «ስምንት ሰዓት ላይ ልምምድ አለን። አንድ ጊዜ ይስሙት። ከዚያ በኋላ እምቢ ካሉ ደግሜ በርዎን አልመታም።»

ገመዱን ለሽማግሌው ሸጠው እስኪጨርሱ ወደ እኔ አላዩም። ከዚያ ኮታቸውን ደረቡና ለጎረቤታቸው «ሱቁን ዓይን ጣልበት» ብለው ወጡ።

ተመልሰን ሩዋንዳ

እሳቸው ጋቢና፣ እኔና ቤዛዊት ከኋላ ተቀመጥን።

«ሚስ፣ ባይወደውስ?» አለች በሹክሹክታ።

«እኔ እንጃ» አልኳት።

ልጆቹ ክፍል ውስጥ ወንበር ገፍተው ቆመው ነበር። አቶ ደምሴ በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ቤዛዊትም በጓደኞቿ መካከል ቦታዋን ያዘች። እጄን አነሳሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ሳይሳሳቱ ዘመሩ። ዞር ብዬ አየኋቸው።

«ደህና ነው። የእሷ የታለ? አልሰማኋትም።»

ይህን አልጠበቅኩም። ቢቸግረኝ ቤዛዊትን ዝም እንድትል ነገርኳትና እንደገና አስጀመርኩ። ገና አንድ ስንኝ ሳይሞላ ሦስቱ ጓደኞቿ መንገድ ጠፋቸው፤ አንደኛዋ ወደ ዋናው ዜማ ገባች፣ ሁለቱ ተከተሏት። ቀጥሎም ወንዶቹ ሳይቀሩ ተከተሉ። ሲጨርሱ ሁሉም አንድ ድምፅ ሆነው ነበር።

«ይሄም እኮ አልከፋም» አሉ አቶ ደምሴ።

ቤዛዊት ወለል ወለሉን ታያለች። በገዛ እጄ ልጅቷ እንደማታስፈልግ ያሳየኋቸው መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ማልቀስ አማረኝ።

አባትየው ግን ገና አልጨረሱም። ክፍሉን ጣሪያውን ሁሉ ዞር ዞር ብለው አዩ። «ብቻ ቅድም ቤቱ ሞልቶ ነበር። አሁን ሳሳ። እስቲ እሷን መልሰው ይድገሙት።»

ለሦስተኛ ጊዜ ዘመርን። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። በመካከሉ አንዴ ራሳቸውን ወደ ቤዛዊት አቅጣጫ አዘነበሉ፤ ያን ጊዜ እንዳገኟት አወቅሁ። ሲያበቃ አላጨበጨቡም፤ ኮታቸውን ቆለፉ።

«እሑድ በስንት ሰዓት ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

ወደ ቤት፣ ቦሌ ለሚ

የምኖረው ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ማዶ ነው። ከአውቶቡስ ስወርድ ከፋብሪካ የሚወጡት ሴቶች መንገዱን ሞልተውት፣ ሙዝና የተጠበሰ በቆሎ እየገዙ ይሄዳሉ። ደክሞኛል፣ ግን ደስ ብሎኛል። ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹ ለቤተሰቦቻቸው ሙሉውን ዝማሬ በስልክ ቀድተው እንዲያሰሙ ልነግራቸው ወሰንኩ። ከዛሬው ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው ብዬ የቤቴን በር ስከፍት ስልኬ ጮኸ።

«መምህርት፣ ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት» አሉ አቶ ደምሴ። «እሷ የራሷን ስትል እኔ ዋናውን ልይዝላት ብዬ ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ዋናውን ጥዬ ወደ እሷ ዜማ እሄዳለሁ። እንዴት ነው የሚያዘው?»

ከኋላቸው የቤዛዊት ሳቅ ይሰማል።

«እሷን ይጠይቋት» አልኳቸው። «ኳየሩ ውስጥ ከእሷ የተሻለ የሚያውቀው የለም።»

ስልኩን ሳይዘጉ፣ «ነይ እስቲ፣ አሳዪኝ» ሲሏት ሰማሁ።