ግድግዳው የነቃ ዕለት

መንቀጥቀጡ ቆቦን የነካት አመሻሽ ላይ ነበር። እኛ ቤት ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ተንጫጩና ዝም አሉ፤ በቃ። አጥር የምንጋራት የልብ ጓደኛዬ ቤት ግን የጭቃው ግድግዳ ከመስኮቱ እስከ ወለሉ ተሰነጠቀ። እናቷ ጣታቸውን ስንጥቁ ውስጥ ከተው አዩና «ነቃ» አሉ። የተሰነጠቀም ነቃ ነው፣ ከእንቅልፉ የተነሳም ነቃ ነው፤ እሳቸው ሁለቱንም ማለታቸው ነበር። ምድር አንዴ ከነቃች ማን እሹሩሩ ብሎ ያስተኛታል እያሉ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ደሴ ወንድማቸው ዘንድ ሊገቡ ቆረጡ።

ጓደኛዬ አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ፣ «አንቺ መቼም ሰሞኑን ጸሐፊ ሆነሻል፤ እስቲ አንድ ነገር ጻፊና አስቀሪን» አለችኝ። ግማሹ ቀልድ ነው። እኔ ግን የምሬን ያዝኩት። የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አንድ ጽሑፌን ካነበበልኝ ወዲህ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

ከጂኦግራፊ መምህራችንም ከስልኬም ለቃቅሜ ጻፍኩ። በመሣሪያ ከተለኩት ሁሉ ኃይለኛው በፈረንጆቹ 1960 ቺሊን የመታው ነው፤ ዘጠኝ ነጥብ አምስት። እሱን የሚከተሉት የአላስካው፣ የሱማትራው፣ የጃፓኑ ናቸው። የሁሉም ጠባይ አንድ ነው። የውቅያኖሱ ወለል ከየብሱ ሥር ልግባ ብሎ ይገፋል፤ ድንጋይና ድንጋይ ይያያዛሉ፤ ስንት ዘመን ተናንቀው ይቆዩና ባንዴ ያመልጣሉ። የኛ ሌላ ነው። አፋር ላይ ምድር እየተለያየች ነው እንጂ አንዷ ባንዷ ሥር እየገባች አይደለም። ቅርፊቷም ስስ ስለሆነ ያን ሁሉ ኃይል ሳታጠራቅም ቶሎ ቶሎ ትላቀቃለች። ስለዚህ የቺሊውን የሚያህል እዚህ አይጠበቅም። ይቺን ዓረፍተ ነገር ስጨርስ ራሴን ለመሳም ምንም አልቀረኝ።

ሄጄ ለጓደኛዬ እናት አነበብኩላቸው። ሽንኩርት እየላጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ ትንሹስ ቢሆን ቤት አይጥልም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሊጥል ይችላል አልኩ። መቼ እንደሚመጣስ? ማንም እንደማያውቅ፣ መሣሪያውም ከመጣ በኋላ እንጂ አስቀድሞ እንደማይናገር ነገርኳቸው። ጓደኛዬ ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች። ግን ምን ልበል? የጻፍኩት እውነት ነው፤ ይኼም እውነት ነው።

ቢላዋውን አስቀመጡና አገጬን ያዝ አደረጉኝ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ጥሩ ጽፈሻል። እስካሁን የምሄደው ፈርቼ ነበር፤ አሁን ግን ገብቶኝ ነው።»

በማግስቱ ፍራሻቸው ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታሰረ። መንገዱ ዳር ቆሜ እጄን አውለበለብኩ፤ ጓደኛዬ እንዳላይባት ፊቷን በሻርፕዋ ሸፍናለች። ጽሑፌን እንደሳቸው አድርጎ ያመሰገነልኝ ሰው እስከዛሬ የለም። ሮጬ ሄጄ ላወራላት የምፈልገው ለሷ ነበር፤ እሷ ደግሞ ይኼኔ ጎብዬን አልፋለች።